«የድሮው ይሻላል» ከማለታችሁ በፊት፦ ኤዲ መርፊን ከጄሪ ሉዊስ ጋር አስተያይቶ መመዘን

ሪሜክ (ዳግም የተሠራ ፊልም) ሲወጣ «የድሮው ይሻላል» ብሎ ለመፍረድ ፊልሙን ማየት እንኳ አያስፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ ትወና የማስተምራቸው ልጆች እንዲህ ያለ አስተያየት ይዘው ሲመጡ «የቱ ትዕይንት ላይ?» እላቸዋለሁ። መልስ ከጠፋ ክርክሩ እዚያው ይዘጋል። መልስ ካለ ላፕቶፑ ይከፈትና አብረን እናያለን።

ዳግም የተሠራ ኮሜዲን፣ በተለይ የመሪ ተዋናዩን ሥራ የምመዝንበትን መንገድ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው «ዘ ነቲ ፕሮፌሰር» ነው። በፈረንጆቹ 1963 ጄሪ ሉዊስ ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ ተጫወተው፤ በ1996 ደግሞ ቶም ሻድያክ አዘጋጀውና ኤዲ መርፊ ተጫወተው። ሥሩ በ1886 የታተመው የዶክተር ጄክልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ነው፤ አንድ ሐኪም ቀምሞ በጠጣው መድኃኒት ወደ ክፉ ሰው የሚለወጥበት። በሁለቱም ፊልሞች ዓይን አፋር ፕሮፌሰር መድኃኒት ቀምሞ ይጠጣል፤ ባዲ ላቭ የሚባል አፈ ጮሌ ሴት አውል ሆኖ ይወጣል፤ በመጨረሻም ሰው ፊት ይጋለጣል። ይህን ፊልም የምመርጠው ተዋናዩ ሁለት ተቃራኒ ሰዎችን ስለሚጫወት ነው። ምን ማድረግ እንደሚችል ለማወቅ ሌላ ሥራውን ፍለጋ መሄድ አያስፈልጋችሁም።

አዲሱን አስቀድማችሁ እዩ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርጋል፤ አሮጌውን አይቶ አዲሱ ላይ ሲደርስ «ይቺ ቀርታለች፣ ይቺ ተጨምራለች» እያለ እንደ ንብረት ቆጣሪ ይቀመጣል። ሳቁ ያመልጠዋል። በመጀመሪያው ዙር ደብተር አትያዙ፣ ዝም ብላችሁ ሳቁ።

አሮጌውን ስታዩ ግን አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ይህ ሰው የሚያፍረው በምኑ ነው? የሉዊስ ጁልየስ ኬልፕ ጥርሱ ገጠጥ ያለ፣ ድምፁ በአፍንጫው የሚወጣ፣ ባለ መነጽር ደካማ ነው። ጂም ገብቶ ክብደት ሲያነሳ ክንዶቹ እስከ መሬት ይለጠጣሉ። ሳቁ የሚመጣው ከገዛ አካሉ ነው፤ ካርቱን ነው ብትሉም ያስኬዳል። የመርፊው ሸርማን ክላምፕ እጅግ ወፍራም ነው፤ ሰውየው ግን ቀልደኛ አይደለም። ጨዋ ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ሰው ላለማስቀየም ይጠነቀቃል። የሚስቁበት ሌሎች ናቸው። ይህቺ ለውጥ የተዋናዩን ሥራ ከሥሩ ትገለብጠዋለች፤ ሉዊስ ሊያስቀን ይታገላል፣ መርፊ እየተሳቀበት ክብሩን ሊጠብቅ ይታገላል። ስለዚህ «ማን የበለጠ አሳቀ?» የሚለው ጥያቄ ሁለቱን ለማወዳደር አይበቃም።

አሁን ወደ እራት ጠረጴዛው እንሂድ። ሰዓት ያላችሁ ለአንድ ትዕይንት ብቻ ከሆነ ይህንን እዩ። የክላምፕ ቤተሰብ ይበላል፤ ሸርማን፣ አባቱ፣ እናቱ፣ አያቱና ወንድሙ ኧርኒ አምስቱም ኤዲ መርፊ ናቸው። በሌላ ተዋናይ የተያዘችው የኧርኒ ትንሽ ልጅ ወንበር ብቻ ናት። ሁሉም ለየብቻ ተቀርጸው ነው አንድ ላይ የተገጣጠሙት፤ እናት የሆነው መርፊ ሲቆጣ፣ አባት የሆነው መርፊ ፊት ለፊቱ የለም ማለት ነው።

ትዕይንቱን አምስት ጊዜ እዩት። በእያንዳንዱ ዙር ዓይናችሁን አንድ ሰው ላይ ብቻ ትከሉ፤ እሱ ሲናገር ሳይሆን ሌላው ሲናገር ምን ያደርጋል? ለልጆቼ ይህን የማሳያቸው ድምፁን አጥፍቼ ነው። ቃሉ ሲጠፋ ሜካፑ ብቻ የሚቀር ይመስላል፤ የሚቀረው ግን የየሰዉ ጠባይ ነው። አያትየዋ አማቿን እንደማትወደው ስድቧን ሳትሰሙ ይገባችኋል። እናትየዋ ለልጅ ልጇ ጡንቻ ስታጨበጭብ እጆቿ የእናት እጆች ናቸው። ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፤ ማን እንደተናገረ ሳትሳሳቱ ትለያላችሁ። አንዷ ተማሪዬ ከዚህ ሁሉ በኋላ «ሸርማን ግን ምንም አልሠራም፣ ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው» አለች። እኔም የምፈልገው ይህንኑ እንድታይልኝ ነበር። አራት ጯሂ ሰዎችን ከራሱ ያወጣ ተዋናይ አምስተኛውን ዝም አሰኝቶታል፤ የዚያ ቤት ጫጫታ የሚያርፈው እሱ ፊት ላይ ነው።

«ሜካፑ እኮ ነው» የሚላችሁ አይጠፋም። ሜካፑ በርግጥ ትልቅ ሥራ ነው። የሠራው ሪክ ቤከር፣ በ1988 «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ላይ መርፊን ነጭ ሽማግሌ አድርጎ ፀጉር ቤት ያስቀመጠው ባለሙያ ነው። ለዚህኛው ከዴቪድ ሊሮይ አንደርሰን ጋር ኦስካር ወስዶበታል። መርፊ ለኦስካር እንኳ አልታጨም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም ሃያሲያን ማኅበር ግን የዓመቱ ምርጥ ተዋናይ አድርጎ መርጦታል። እኔ ከሃያሲያኑ ጋር ነኝ። የሁለቱን ሥራ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ፊት ላይ የሚለጠፈው ነገር ዓይንን አይሸፍንም። ሜካፕ የበዛበት ተዋናይ ስትመዝኑ መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ አተነፋፈሱን እዩ።

ሁለተኛው ማቆሚያችሁ የምሽት ክበቡ ይሁን። ሸርማን ጄዳ ፒንኬት የምትጫወታትን ካርላን ይዞ ይወጣል፤ መድረክ ላይ ያለው ኮሜዲያን፣ ያኔ ገና ወጣት የነበረው ዴቭ ሻፔል፣ ውፍረቱን እያነሳ ሰው ፊት ያዋርደዋል። ሳቁ እየበረታ ሲሄድ የሻፔልን አፍ ትታችሁ የሸርማንን ፊት ተከተሉ፤ ጨዋነቱና ኀፍረቱ ፊቱ ላይ ሲተናነቁ ስታዩ ምስሉን አቁሙት። ኋላ ባዲ ሆኖ ተመልሶ ያንኑ ኮሜዲያን ልክ ሲያስገባው እኛም ደስ ይለናል። ያ ደስታ ግን ትንሽ ይጎመዝዛል፤ ባዲ የተማረው ከሰዳቢው ነውና።

የ1963ቱን ባዲ ከዚህ ጎን አምጡት። ሉዊስ መጀመሪያ አያሳየንም፤ ካሜራው እሱን ሆኖ መንገድ ላይ ይሄዳል፣ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል፣ ክበቡ ውስጥ ሁሉም ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ነው ፀጉሩን የለጠፈው ቄንጠኛ ብቅ የሚለው። ቀዝቃዛ ነው፣ ያስፈራል። ብዙዎች በ1956 የተለየውን የመድረክ ባልደረባውን ዲን ማርቲንን ነው የሰደበበት ብለዋል፤ ሉዊስ ግን አላመነም። የመርፊው ባዲ ደግሞ ፈጣን፣ ተሳዳቢ፣ በራሱ የሚመካ ነው፤ በ1980ዎቹ ሰው የሚያውቀውን የመድረኩን መርፊ ቁርጥ! አንዳንዱ ይህን «ራሱን ደገመ» ብሎ ይነቅፈዋል። እኔ ሆን ብሎ ነው ባይ ነኝ። ታዋቂ ያደረገውን ጠባይ ለክፉው ሰጥቶ፣ ማንም ያልጠበቀበትን የዋህነት ለሸርማን አስቀርቷል። ሪሜክ ስታዩ ይህን ጠይቁ፦ አዲሱ ተዋናይ ከራሱ ዝና ጋር ምን አደረገ? ዝናውን እንዳለ ይዞ ከገባ ፊልሙ ቅጂ ይሆናል።

መጨረሻው ላይ ፍርዴ ይቀየራል። ሉዊስ መድረክ ላይ፣ ተማሪዎቹ ፊት፣ ድምፁ እየከዳው ከባዲ ወደ ኬልፕ ሲመለስ ሥራው የራሱ የተዋናዩ ነው። በ1996ቱ ሸርማንና ባዲ በአንድ ገላ ውስጥ ሲታገሉ ፊቱን የሚነፋውና የሚያሟሽሸው በአብዛኛው የምስል ቅንብሩ ነው። እዚህ ቦታ ነጥቡን ለሉዊስ እሰጣለሁ።

ደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ «ጎበዝ ነው» ሳይሆን «እዚህ ጋ ይህን አደረገ» የሚል ይሁን። የ2000ውን ተከታይ ክፍል ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ ቤተሰቡ በዝቶ ሸርማን ይጠፋበታል። ደግሞም የእራቱን ትዕይንት እናትና አባት ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ድምፅ ከፍታችሁ አትሞክሩት፤ አባ ክላምፕ ጠረጴዛ ላይ የሚለቀው ንፋስና የአያትየዋ የመኝታ ቤት ወሬ ሪሞት ያስፈልጋችኋል።