ጠብታን አየር ላይ ማስቆም፦ ለድሬዳዋ ተማሪዎች የፈጣን ፎቶ መነሻ

ፈጣን ፎቶ ሲባል ብዙ ጀማሪ ውድ ካሜራ መግዛት ያለበት ይመስለዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፍላሹ ነው። ከ45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ጠብታ በ0.3 ሰከንድ ገደማ ታች ይደርሳል፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ይጠጋል። በ1/200 ሰከንድ ውስጥ 15 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ ፎቶው ላይ ክር ሆኖ ይወጣል። በ1/20,000 ሰከንድ የሚጓዘው 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ካሜራ ላይ የሚሰካ ፍላሽ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ ብልጭታው 1/1000 ሰከንድ አካባቢ ይቆያል። ኃይሉ ወደ 1/64 ሲወርድ፣ እንደ ሞዴሉ፣ ከ1/15,000 እስከ 1/30,000 ሰከንድ ያጥራል። ስለዚህ ፎቶው ጨለመ ብላችሁ የፍላሹን ኃይል አትጨምሩ፤ ጠብታው ተመልሶ ክር ይሆናል። ፍላሹን ወደ ጠብታው አስጠጉ ወይም አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጉ።

ጠብታ ለማንጠብጠብ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የግሉኮስ መስመር የሚያህል የለም፤ መቆጣጠሪያዋ ጎማ በሰከንድ አንድ ጠብታ እንዲወርድ ታስተካክላለች። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ላይ ሰክታችሁ ውሃ ወይም ወተት ሙሉበትና ከወንበር ጀርባ እሰሩት። ከሥሩ ጥቁር ዝርግ ሰሃን አድርጉና 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወተት አፍስሱበት። ወተቱ ስስ ሲሆን ጠብታው ዘውድ ይሠራል፤ ጥልቅ ከሆነ ዘውዱ ቶሎ ይፈርስና ከመሀሉ ዓምድ ይነሣል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን በ1957 (እ.ኤ.አ.) ያነሣው የታወቀው የወተት ዘውድም የፍላሽ ሥራ ነው።

ጠብታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ እርሳስ አጋድሙ፣ እርሳሱ ላይ ፎከስ አድርጉ፣ ሌንሱን ወደ ማንዋል መልሱና እርሳሱን አንሡ። አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 400፣ ሹተሩ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ) 1 ሰከንድ ይሁን። ፍላሹን ከካሜራው ነቅላችሁ ከጠብታው በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ወደ ጎን አቁሙት፤ እንዳይረጥብ ስስ ፌስታል ይሸፍነው። መብራቱን አጥፉና መጀመሪያ ያለ ፍላሽ አንድ ፎቶ አንሡ። ፎቶው ድፍን ጥቁር ካልሆነ ከበር ሥር ወይም ከመስኮት ብርሃን እየገባ ነው፤ ካልደፈናችሁት ከጠብታው ጎን ጥላ መሰል ጭረት ይቀራል። ከዚያ አንዱ ሹተሩን ይከፍታል፣ ሌላው የጠብታውን ምት በጆሮው እየተከተለ የፍላሹን የሙከራ ቁልፍ ይጫናል። አብዛኛው ፎቶ ባዶ ሰሃን ሆኖ ይወጣል፤ የተለመደ ነው።

ድሬ ላይ ሁለት ነገር ሥራውን ያበላሻል። አንደኛው ቬንትሌተር ነው፤ ነፋሱ ጠብታውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ገፍቶ ከፎከስ ያወጣዋል። ላቡን ቻሉትና አጥፉት። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው፤ የቆየ ወተት ላዩ ላይ ስልባቦት ይይዝና ዘውዱ በአንድ ወገን ይቀደዳል። ቶሎ ቶሎ ቀይሩት።

በእጅ መጫን ሲሰለች አርዱዪኖ አለ፤ የሌዘር ጨረር ሲቋረጥ ፍላሹን እንዲያበራ ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ሌዘሩን ከጠብታው መውጫ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ከ45 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ጠብታ ጨረሩን ካቋረጠ በኋላ ሰሃኑ ላይ ለመድረስ 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ ተነሥታችሁ በ5 በ5 ሚሊ ሰከንድ እየጨመራችሁ የዘውዱን ዕድገት ደረጃ በደረጃ ማንሣት ትችላላችሁ። ፍላሹን ከሰሌዳው ጋር በኦፕቶካፕለር (ሽቦዎቹ ሳይነካኩ ምልክቱን በብርሃን በሚያሻግር ትንሽ ዕቃ) አገናኙ፤ አሮጌ ፍላሾች ከካሜራ ጋር በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ከ200 ቮልት በላይ ሊኖራቸው ስለሚችል በቀጥታ ከተገናኙ ሰሌዳውን ያቃጥሉታል። ፍላሹን ግን በፍጹም አትፍቱት፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያከማች ካፓሲተር ፍላሹ ከጠፋም በኋላ 300 ቮልት ያህል ይዞ ይቆያል።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ከጨለማው ወጥታችሁ ፀሐይ ፈልጉ። የስልክ ፍላሽ ረዘም ብሎ የሚበራ አምፖል እንጂ ብልጭታ ስላልሆነ እዚህ አይረዳም። የእኩለ ቀን ፀሐይ ግን፣ ሌንሱ ኤፍ 1.8 ከሆነ፣ በአይኤስኦ 100 እስከ 1/8000 ሰከንድ ድረስ ይበቃል። ለሚረጭ ውሃ 1/4000 ጥሩ ነው፤ ለኳስ 1/2000።

ምን እንደምታነሡ ስትመርጡ የምትወዱትን አስቀድሙ፤ የለመዳችሁት ነገር መቼ እንደሚንቀሳቀስ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ኳስ ተጫዋች ኳሱ መረቡን የሚገፋበትን ቅጽበት ከማንም በፊት ይገምታል። ወጥ ቤት የሚወድ ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ድፍን ቅመም ዘይት ላይ እየጣለ ይሞክር፤ ዘይቱ ግን ቀዝቃዛ ይሁን። የሚሽከረከር ነገር የሚወድ ግን ይጠንቀቅ፦ የስልክ ካሜራ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ የቬንትሌተር ክንፍ ሹተሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ተጣምሞ ይወጣል።