የልጅነታችንን ከረሜላ የሚያበላሹ ስህተቶች

ቡናው ሦስተኛው ተጠጥቶ ሲያልቅ ምድጃው ላይ የሚቀረው ፍም የእኛ የልጆቹ ድርሻ ነበር። ጭልፋ ውስጥ ስኳር አድርገን ፍሙ ላይ እንይዛለን። ስኳሩ ይቀልጣል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ቤቱን ያውደዋል። ቀዝቀዝ ሲል ከጭልፋው እየፈለቀቅን እንበላለን። ሱቅ ስንላክ ደግሞ ባለሱቁ ዝርዝር ካጣ በመልሱ ፋንታ ደስታ ከረሜላ ይሰጠናል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እናቴ አልፎ አልፎ የምትሠራው የለውዝ ከረሜላ ነበር።

አሁን ለልጆቼ እሠራዋለሁ። የሞከሩ ጓደኞቼ የሚነግሩኝ ችግር ተመሳሳይ ነው። «አሸዋ ሆነብኝ»፣ «ጥርስ ላይ ተጣበቀ»፣ «መረረብኝ» ይላሉ። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከውሃ ነው። ጠንካራ ከረሜላ ማለት ውሃው ተኖ ያለቀለት ስኳር ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ይገባችኋል።

እኔ የምጠቀመው 2 ኩባያ ስኳር (400 ግራም ገደማ)፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ 2 ኩባያ የተቆላ ለውዝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው ነው።

ከፈላ በኋላ ማማሰል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወጥ ስንሠራ እጃችን ማማሰል ለምዷል፤ ዝም ብሎ ማየት ይከብደናል። ስኳሩ ውሃው ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ በደንብ አማስሉ። መፍላት ሲጀምር ግን ማንኪያውን አውጡት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ውሃ ከአቅሙ በላይ ስኳር ይሸከማል። ስኳሩ ሰበብ ካገኘ ተመልሶ ፍሬ ፍሬ ይሆናል። አንዲት ያልሟሟች የስኳር ፍሬ ሰበብ ለመሆን ትበቃለች። ስታማስሉ ከድስቱ ጎን የተጣበቁትን ፍሬዎች ወደ ውስጥ ትመልሷቸዋላችሁ፤ በደቂቃ ውስጥ ድስቱ በሙሉ አሸዋ ይሆናል። ስለዚህ መፍላት እንደጀመረ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ክደኑት። እንፋሎቱ ራሱ የድስቱን ጎን ያጥበዋል። ከዚያ ክዳኑን አንሱት፤ ውሃው መውጣት አለበትና።

ሎሚውም የሚገባው ለዚሁ ነው። አሲዱ ከስኳሩ የተወሰነውን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል። እነዚህ መሀል ሲገቡ ስኳሩ እንደገና ፍሬ ለመሥራት ይቸገራል። «ሎሚ ጥሩ ከሆነ ልጨምርበት» ብላችሁ ግን እንዳታበዙት። ሲበዛ ከረሜላው ይለጠልጣል።

አሸዋ ከሆነባችሁም አትድፉት። ግማሽ ኩባያ ውሃ ጨምራችሁ አሟሙት፤ ከመጀመሪያው ጀምሩ። እኔ ብዙ ጊዜ አድኜዋለሁ።

የሌላ ሀገር የሙቀት ቁጥር እንዳለ መከተል

ይህን የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት አሠራር አብዛኛው የተጻፈው ከባሕር ወለል ብዙም ለማይርቅ ቦታ ነው። እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ማለት ስኳሩም ውሃውን ቀድሞ ይጨርሳል።

አሠራሩ 150 ዲግሪ ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ 142 ገደማ ሲደርስ ያው ነው። ለጠንካራ ከረሜላ ልዩነቱ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ለስላሳ የወተት ከረሜላ ስትሠሩ ግን ይጎዳል። 118 የሚለውን ቁጥር ብትጠብቁ ለስላሳው ድንጋይ ይሆንባችኋል፤ 110 ላይ ማውረድ ነበረባችሁ።

የምትኖሩበትን ለማወቅ ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትሩን ንከሩበት። ያነበባችሁትን ከ100 ቀንሱ። የቀረውን ከአሠራሩ ቁጥር ላይ አንሱለት። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያላችሁ የተጻፈውን እንዳለ ተከተሉ። አዲስ አበባ የሠራችሁበትን ቁጥር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን እዚያ የሚለጠልጥ ከረሜላ ታወጣላችሁ።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ምንም አይደለም፤ እናቴም አልነበራትም። ስኒ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉና ከሽሮፑ፣ ማለትም ከሚፈላው ስኳር፣ ጠብታ ጣሉበት። አውጥታችሁ ስትጫኑት ከተጣጠፈ ገና ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ይህ ዘዴ ከፍታ አያታልለውም። እስክትሞክሩ ድረስ ግን ድስቱን ከእሳት አውርዱት፤ መጨረሻ ላይ ግማሽ ደቂቃ ብዙ ነው።

ቀለሙን ብቻ ማመን

በነጭ ስኳር ከሠራችሁ ቀለሙ ጥሩ መሪ ነው። የቀጭን ሻይ መልክ ሲይዝ አውርዱት። የሀገራችን ስኳር ግን ብዙ ጊዜ ቡናማነት አለው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትውልድ በትውልድ የሀገር ስኳር በልተን አድገናል፤ ያ ጠቆር ያለ ጣዕም ለእኔ የልጅነት ጣዕም ነው። ችግሩ ሽሮፑ ገና ከመጀመሪያው ቡናማ ስለሚሆን የደረሰ ይመስላል። ቸኩላችሁ ታወርዱታላችሁ፤ ውስጡ ውሃ ይቀራል፤ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። በቡናማ ስኳር ስትሠሩ የውሃውን ሙከራ እመኑ። አረፋም ስለሚያበዛ ትልቅ ድስት ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያውን አረፋ ግፈፉት፤ ብዙ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ድስቱ ታቹ ወፍራም ይሁን። ስስ ከሆነ መሀሉ ሲያርር ዳሩ ገና ይሆናል።

ቀዝቃዛ ወይም ጥሬ ለውዝ መጨመር

ለውዙ አስቀድሞ ተቆልቶ፣ ታሽቶ፣ ገለፈቱ በሰፌድ ተበጥሮ መቀመጥ አለበት። ሽሮፑ ውስጥ ይበስላል ብላችሁ ጥሬውን አትጨምሩ፤ ጊዜው አይበቃውም። የባቢሌ ለውዝ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። ልትጨምሩት ስትሉ ደግሞ ሞቅ አድርጉት። ቀዝቃዛ ከሆነ ሽሮፑ ወዲያው ይደርቅበትና ዘርጋ ሲሉት እምቢ ይላል። ሰሊጥም እንዲሁ ነው፤ ለእሱ ግን ቶሎ ስለሚያር እሳቱን ቀንሱ።

ትሪውን ኋላ መፈለግ

ከወረደ በኋላ ጊዜ የላችሁም። ትሪው ዘይት ተቀብቶ ወይም የመጋገሪያ ወረቀት ተነጥፎበት ይጠብቅ። ጋዜጣ አታንጥፉ፤ አይላቀቅም። ካፈሰሳችሁት በኋላ ገና ለብ እያለ ዘይት በነካ ቢላ መስመር አስምሩበት። ሲደርቅ በመስመሩ ይሰበራል።

ልጆችን አጠገብ ማቆም

እዚህ ላይ ኮስተር እላለሁ። የፈላ ውሃ ከ100 አያልፍም፤ ይህ ግን 150ን ያልፋል፤ በዚያ ላይ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ሳለሁ ያንን የጭልፋ ስኳር በጣቴ ነክቼ ነበር። ወዲያው የጥርስ ሳሙና ተቀባልኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ቅቤም፣ እንቁላልም፣ የጥርስ ሳሙናም አይደለም የሚያስፈልገው። ቁስሉን ቀዝቀዝ ባለ የሚወርድ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ መያዝ ነው። ውሃው ከጠነከረው ስኳር ሙቀቱን ይወስዳል፤ የተጣበቀውን በጉልበት አትላጡ። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ፊት ላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስኳሩ ካረረ ደግሞ ለማዳን ብላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉበት፤ ወደ ፊታችሁ ይፈናጠራል። ልጆቹ ለውዙን ይፈልፍሉ፤ ሲቀዘቅዝ ይስበሩ፤ በወረቀት ይጠቅልሉ። እሳቱ ላይ ሲሆን ግን ከማድ ቤት ይውጡ።

ክፍት ሰሃን ላይ ማሳደር

ያን ያህል ለፍታችሁ ያወጣችሁትን ውሃ ከረሜላው ከአየር መልሶ ይስበዋል። ክረምት ላይ በአንድ ሌሊት ላዩ ላብ ያወጣል፤ ጠዋት ላይ አንድ ጉብታ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ማሰሮ ወይም ብልቃጥ ውስጥ አድርጉት፤ በየመሀሉ ወረቀት ጣል አድርጉ። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ስታወጡት ጤዛ ይይዘዋል። እኔ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ አልሠራም፤ የሚበላውን ያህል ብቻ አዘጋጃለሁ።

ድስቱን ደግሞ በቢላ አትፋቁት። ውሃ ሞልታችሁ መልሳችሁ ጣዱት። ሲፈላ የተጣበቀው ሁሉ ይሟሟል፤ ማንኪያውንም እዚያው ጨምሩት።