ቅዳሜ ቅዳሜ ኬጂ ላስተምር ወይ?

ባለፈው ሳምንት ብቻ አምስት ሰው ጠየቀኝ። "ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኬጂ እንግሊዝኛ ላስተምር ወይ? በሰዓት 150 ዩዋን እንከፍላለን ብለውኛል።" ሁለቱ ከደብረ ማርቆስ፣ ሁለቱ ከባሕር ዳር፣ አንዷ ከቡሬ። ለማስተርስና ለፒኤችዲ ቻይና ከገቡ ወር አልሞላቸውም። ለየብቻ መመለስ ሰለቸኝ። ስድስተኛው ከመደወሉ በፊት ልጻፈው።

በተማሪ ቪዛ አይቻልም። "ሁሉም ይሠራል እኮ" ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ብዙ ሰው ይሠራል። የተያዘው ግን አፍሮ ዝም ስለሚል የምትሰሙት ያልተያዘውን ብቻ ነው። እኔ ተይዣለሁ፤ ላውራላችሁ።

በመጣሁ በአራተኛው ወር ነው። ስታይፔንዱ፣ ማለትም የስኮላርሺፑ ወርኃዊ ገንዘብ፣ ወሩን አላደርስ አለኝ፤ ቢቸና ላሉት እናቴም ቃል የገባሁት ገንዘብ ነበር። አንድ ደላላ በዊቻት፣ በቻይናዎቹ የመልእክት መተግበሪያ፣ አገኘኝ። አገር ቤት ቤት የሚያከራየውንም፣ በሬ የሚያሻሽጠውንም ደላላ ቢያንስ ፊቱን እናውቀዋለን። የዚህኛውን ፊት እስከ ዛሬ አላየሁትም። "ወላጆች ከጠየቁህ ደቡብ አፍሪካዊ ነኝ በል" አለኝ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ፤ ሳቅሁና አለፍሁት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቻይና ለእንግሊዝኛ መምህር የሥራ ፈቃድ የምትሰጠው በመሠረቱ ቋንቋው አፍ መፍቻ ነው ከምትላቸው አገሮች ለመጣ ሰው ነው፦ አሜሪካ፣ ብሪታኒያ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። የእኛ ፓስፖርት የለበትም። እንግሊዝኛህ ከእነሱ ቢበልጥም የለበትም። ያናድዳል፤ እኔም ተናድጃለሁ፤ ፖሊስ ጣቢያ ግን ንዴት አይጠቅምም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ልጆቹን "አፍንጫችሁን ንኩ፣ ጆሯችሁን ያዙ" እያልኩ ሳጫውት ዳይሬክተሯ በሩን በረገደችው። "በኩሽና በኩል ውጣ!" ካፖርቴን እንኳ ሳላነሳ ሮጥኩ። ኩሽናው በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመው ይጠብቁኛል። ለካ እነሱም የኩሽናውን በር ያውቁታል።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ያለ ፈቃድ የሠራ የውጭ ዜጋ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ይቀጣል፤ ጉዳዩ ከከበደ ከ5 እስከ 15 ቀን ይታሰራል፤ ከአገር መባረርም አለ። እኔ 5,000 ከፍዬ ወጣሁ፤ የተበደርኩት ነው። በሦስት ቅዳሜ የሠራሁት 1,800 ዩዋን ነበር። እሱም "በወሩ መጨረሻ ይከፈላል" ተብሎ ስለነበር አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም። ደላላው ያን ቀን ማታ ብሎክ አደረገኝ። ስኮላርሺፔ የተረፈው ፕሮፌሰሬ ለምኖልኝ ነው።

ከ2021 ወዲህ ደግሞ ብሷል። ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት እንግሊዝኛን ጨምሮ የትምህርት ዓይነት በማሠልጠኛ ማዕከል ማስተማር ተከልክሏል። ስለዚህ "ለትንንሾቹ የሚሆን የቅዳሜ ክላስ አለን" የሚላችሁ ሰው አንተንም ራሱንም ሕግ ያስጥሳል። ሲያዝ የሚከሰው ግን አንተን ቀድሞ ነው።

ተማሪ በሕጋዊ መንገድ ጭራሽ መሥራት አይችልም ማለቴ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ሲፈቅድና ኢሚግሬሽኑ የመኖሪያ ፈቃድህ ላይ ሲጽፍበት ይቻላል። ቀይ ማኅተም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ትንከራተታለህ። አንዱ "መጀመሪያ እዚያ ሂድ" ይልሃል፤ እዚያ ስትደርስ "መጀመሪያ እዚያ" ይባላል። ቢሆንም ተንከራተት። አራት ጊዜ ተመላልሰህ የምታገኘው ወረቀት ከኩሽና በር ይሻላል።

ማስተማሩን ከልቡ የሚወድ ሰው ካለ፣ ቻይናን ትቶ ሌላ አገር ይሞክር። የሞጣው ጓደኛዬ ታይላንድ አራት ዓመት አስተምሯል። ዲግሪ፣ ከፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃና ቶይክ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ጠይቀውታል፤ እንደኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው 600 ነጥብ የተለመደ ነው። ከቪዛው ሌላ የሥራ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ ቪዛ ተመታልኝ ብሎ ክፍል የሚገባ ሞኝ ነው። ማስረጃችሁን አዲስ አበባ ሳላችሁ አስረጋግጡ። ዲግሪው ላይ 2008 ተብሎ ሌላው ወረቀት ላይ 2016 ካለ፣ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ትርጉሙ ላይ አስጽፉ። አሥራ ሦስት ወር ያለው ዘመን ለአንድ የታይላንድ ጸሐፊ ማስረዳት፣ በጓደኛዬ አባባል፣ ቅኔ ከመቁጠር ይከብዳል።

ስለ ማስተማሩ ራሱ አንድ ነገር ልበል። ቴፍል የሚባለው የእንግሊዝኛ ማስተማር የኦንላይን ኮርስ ብዙ ገንዘብ ይበላል። የአራት ዓመት ልጅ ፊት ስትቆሙ ግን የሚያድናችሁ የኔታ ናቸው። ሀ ሁን እንዴት አስያዙን? በዜማ፣ በመቀባበል፣ በስንጥር እየጠቆሙ፣ ሰውነታችንን እያወዛወዝን። ሰዋስው ያስረዳን የለም። ዱላቸውን ብቻ ተዉት። ሕፃን አንድ ነገር ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ አሥር ደቂቃ ዜማ፣ አሥር ደቂቃ ሩጫ፣ ከዚያ ሥዕል።

አፋችሁን ደግሞ ቀድማችሁ አስተካክሉ። "እስኩል" ካላችሁ ሃያ ልጅ "እስኩል" ብሎ ይሄዳል፤ ማታ እናትየዋ ትሰማዋለች። "think"ን "ሲንክ"፣ "this"ን "ዚስ" ማለትም እንደዚያው ነው። ምላሳችሁን በጥርሳችሁ መሃል አውጥታችሁ መስታወት ፊት ተለማመዱ። ቻይናውያኑ ልጆችም ይህን ድምፅ ስለማያውቁት ያን ሦስት ቅዳሜ አብረን ምላሳችንን አውጥተን ስንሳሳቅ ነበር። ከዚያ ሥራ ደስ ያለኝ ያ ብቻ ነው። ካፖርቴ እስካሁን እዚያው ነው።