የስኮትላንድ የካውንስል ምርጫ ውጤትን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል

የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ የያዝን ኢትዮጵያውያን ስኮትላንድ ውስጥ ለካውንስል (ለአካባቢ ምክር ቤት) ምርጫ ድምፅ መስጠት የቻልነው በ2020 በወጣ ሕግ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስደተኝነቱ የጸደቀለትም ሆነ በሌላ ፈቃድ የሚኖር፣ 16 ዓመት የሞላውና የተመዘገበ ሁሉ መምረጥ ይችላል። በዚህ መብት የካውንስል ድምፅ የሰጠነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሜይ 5 ቀን 2022 ነበር። ድምፅ መስጠቱን ቶሎ ለመድነው፤ ውጤቱን ማንበብ ግን ሌላ ትምህርት ሆነብን።

እኔ የተማርኩት በስሕተት ነው። በዚያ ምርጫ ከጋሼ ጋር ሆነን በየበሩ እያንኳኳን ወረቀት ያደልንለት ሰው ነበር። ድምፅ በተቆጠረበት ቀን አንድ ጓደኛዬ የውጤቱን ወረቀት በስልክ አንስቶ ላከልኝ። ፎቶው የያዘው የሰንጠረዡን የመጀመሪያ ዓምድ ብቻ ነበር። ወንበሮቹ አራት ናቸው፣ የኛ ሰው አራተኛ ላይ ተጽፏል። ወዲያው ለጋሼ «አልፏል!» ብዬ ደወልኩላቸው። እሳቸውም ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ለተወዳዳሪው ደውለው እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ሰውየው ግን በሰባተኛው ዙር ተበልጦ ነበር። የእኔ ችኮላ ጋሼን ተሸንፎ ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው የደስታ መልእክት አድራሽ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ አይቶ ውጤት የሚያወራ ሰው ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም።

1. መጀመሪያ ዓመቱን ተመልከቱ

በእጃችሁ ያለው ውጤት የዲስትሪክት ካውንስል ከሆነ የድሮ ነው። ዲስትሪክቶቹ 53 ነበሩ፤ ምርጫቸውም በ1974፣ 1977፣ 1980፣ 1984፣ 1988 እና 1992 ተካሄደ። በ1996 ፈርሰው ዛሬ ያሉት 32 ካውንስሎች ተተኩ። የዲስትሪክቶቹን ውጤት ለማንበብ ትምህርት አያስፈልግም፤ ከዋርዱ፣ ማለትም ከምርጫ ክልሉ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው አንድ ሰው ያልፋል። አገር ቤት የምናውቀውም ይኸው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ስለሆነ ዓይናችን የለመደው እሱን ነው።

እስከ 2003 ድረስ ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። በዚያ ዓመት ግላስጎው ላይ ሌበር ፓርቲ ከግማሽ ባነሰ ድምፅ ከ79ኙ ወንበር 71ዱን ወሰደ። በ2004 ሕጉ ተቀይሮ ከ2007 ጀምሮ መራጩ ተወዳዳሪዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥበት አሠራር መጣ። በዚያው ዓመት ግላስጎው ላይ የሌበር ወንበር ወደ 45 ወረደ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ከ2007 ወዲህ ላለ ውጤት ነው።

2. ሙሉውን ሰንጠረዥ አውርዱ

እያንዳንዱ ካውንስል በድረ ገጹ ላይ በየዋርዱ ውጤቱን በሁለት መልክ ያወጣል። አንደኛው የተመረጡትን ስም ብቻ የያዘ መግለጫ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሌላውን ነው፤ በጎን በኩል ስሞች፣ ከላይ ዙር 1፣ ዙር 2፣ ዙር 3 እያለ የሚሄደውን። በስልክ ባታነቡት እመክራለሁ። ሰንጠረዡ ወደ ጎን ስለሚረዝም ስልኩ ይቆርጠዋል፤ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ በወረቀት አትሙት፣ እርሳስ ያዙ።

3. ኮታውን ራሳችሁ አስሉ

ለማለፍ የሚያስፈልገው ድምፅ ኮታ ይባላል። ዋጋ ያላቸውን ድምፆች ብዛት፣ በወንበሩ ቁጥር ላይ አንድ ጨምራችሁ አካፍሉ፤ ትርፍራፊውን ጣሉና አንድ ደምሩ። አራት ወንበር ባለው ዋርድ 6,000 ሰው መርጦ ከሆነ፣ 6,000 ለ5 ሲካፈል 1,200፣ አንድ ሲደመር 1,201 ነው። የተበላሹ ወረቀቶች እዚህ ውስጥ አይገቡም። ወንበሩ በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት ነው፤ አንዳንድ ደሴት ላይ ያነሰ ይሆናል፣ አራን አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው።

4. ትርፍ ድምፅ የሚሸጋገርበት ዙር

ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው፤ እኔም ወረቀቱን ሦስት ማታ ደጋግሜ አይቼ ነው የገባኝ። ከላይ ባለው ምሳሌ እንቀጥል።

ተወዳዳሪ «ሀ» በመጀመሪያው ዙር 1,500 አገኘች እንበል። ኮታውን ስላለፈች ተመርጣለች። የሚያስፈልጋት 1,201 ነው፤ 299 ተርፏታል። ይህ ትርፍ አይጣልም፣ የመረጧት ሰዎች 2 ብለው ወደ ጻፉት ሰው ይሄዳል። ታዲያ ከ1,500ው ወረቀት የትኞቹ 299 ናቸው የሚሄዱት? ከላይ ያሉት? መጨረሻ ላይ የተቆጠሩት? እንዲህ ቢሆን ዕጣ በሆነ ነበር። ስለዚህ 1,500ውም ይሄዳሉ፤ ግን እያንዳንዱ ወረቀት ሙሉ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ቁራጭ ይሆናል። 299 ለ1,500 ሲካፈል 0.19933 ነው። ከነጥብ በኋላ አምስት ቁጥር ይያዛል፣ የቀረው ይጣላል።

አሁን ከ1,500ው ውስጥ 900ው 2 ያሉት «ለ»ን ነው እንበል። 900 ሲባዛ በ0.19933፣ 179.397 ይሆናል። 350ው ወደ «ሐ» ከሄዱ 69.7655 ነው። 250ው 1 ብለው ሌላ ምንም አልጻፉም፤ የእነሱ 49.8325 ለማንም የማይተላለፍ በሚለው ረድፍ ላይ ይወርዳል። ሦስቱን ብትደምሩ 298.995 ታገኛላችሁ። የጎደለችው 0.005 በተጣሉት ቁጥሮች የሄደች ናት፤ ሰንጠረዡ ላይ እንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ቁጥር ስታዩ ድምፅ ተሰረቀ አትበሉ።

«ለ» መጀመሪያ 1,050 ከነበረው አሁን 1,229.397 ሆነ፤ አለፈ። እሱም በተራው 28.397 ተርፎታል። ይህም ለ1,229.397 ተካፍሎ 0.02309 ይሆንና ወረቀቶቹ እንደገና ይጓዛሉ። ልብ በሉ፤ እንደ ቁራጭ የመጣው ወረቀት እንደገና ይቆረጣል። ከ«ሀ» በ0.19933 የመጣ ወረቀት፣ ከ«ለ» ሲወጣ ዋጋው 0.00460 ነው።

እኔ ይህ የገባኝ ገንዘብ አድርጌ ሳስበው ነው። መቶ ብር ይዛችሁ ገበያ ወጣችሁ። የመጀመሪያው ዕቃ ሰማንያ ብር ፈጀ፤ በተረፈው ሃያ ሁለተኛውን ለመግዛት ታዋጣላችሁ። ድምፃችሁ ሁለት ጊዜ አልተቆጠረም፤ የተረፈው ነው የሠራው። «ሁለተኛ ምርጫ መጻፍ የመጀመሪያውን ይጎዳል» የሚለው ወሬ በማኅበራችን ውስጥ በሰፊው ይነገራል፤ ውሸት ነው። ሁለተኛው የሚታየው የመጀመሪያው ወይ ሲያልፍ ወይ ሲወድቅ ብቻ ነው።

5. የወደቁትን ተከተሉ

ትርፍ የሚያሸጋግር ሰው ሲጠፋ በዝቅተኛ ድምፅ ያለው ይወጣል። እዚህ ላይ አለመቆረጡን ልብ በሉ፤ ወረቀቱ በያዘው ዋጋ እንዳለ ይሄዳል። አንደኛ አድርገው የመረጡት ሰዎች ድምፅ ሙሉ አንድ ሆኖ ይሸጋገራል። ስለዚህ የወደቀ ሰው 300 ድምፅ፣ ካለፈ ሰው ትርፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይከብዳል። የኛ ሰው የተሸነፈው በዚህ ነው። ከእሱ በታች የነበሩት ሲወጡ ድምፃቸው ወደ አምስተኛዋ ሴትዮ ሄደ፤ የኛ ሰው ረድፍ ግን ከዙር ዙር ንቅንቅ አላለም። በእርሳስ ከዓምድ ዓምድ መስመር ብታሰምሩ ማን እየወጣ ማን እንደቆመ በዓይን ይታያል።

የመጨረሻው ወንበር ኮታ ሳይሞላም ሊያዝ ይችላል፤ የቀሩት ሰዎችና የቀሩት ወንበሮች እኩል ከሆኑ ያልፋሉ። ስሕተት አይደለም። ጨርሶ የዙር ሰንጠረዥ ካጣችሁ ደግሞ ምናልባት ድምፅ አልተሰጠ ይሆናል፤ በ2022 ማሪ ካውንስል ውስጥ ባኪ ዋርድ ለሦስት ወንበር ሦስት ሰው ብቻ ስለቀረበ ያለ ውድድር አልፈዋል።

ሌላው መታየት ያለበት የስም ተራ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሞች በፊደል ቅደም ተከተል ነው የሚጻፉት። አንድ ፓርቲ ሁለት ሰው ሲያቀርብ ከላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ብዙ የመጀመሪያ ድምፅ ያገኛል። የታችኛው ሰው ሰነፍ ስለሆነ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ይህ በእኔ አስተያየት መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው።

6. በመሀል የሚደረግ ምርጫ ከሆነ ተጠንቀቁ

አባል ሲሞት ወይም ሲለቅ የሚሞላው አንድ ወንበር ብቻ ስለሆነ ኮታው ከግማሽ በላይ ነው። ጋዜጣ «እከሌ ፓርቲ ወንበር ነጠቀ» ይላል። ከማመናችሁ በፊት ያለፈውን ምርጫ የመጀመሪያ ድምፅ እዩ። አራተኛውን ወንበር ይዞ የነበረ ትንሽ ፓርቲ ብቻውን ለአንድ ወንበር ሲወዳደር መሸነፉ ብዙም ዜና አይደለም።

7. የካውንስሉን ድምር ያዙና የመጀመሪያውን ስብሰባ ጠብቁ

የዋርዶቹን ወንበር ደምሩ፣ ከግማሽ በላይ ለመሆን የሚያስፈልገውን አስሉ። በ2022 ደንዲ ላይ ኤስኤንፒ (የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ) ከ29 ወንበር 15 ይዞ ብቻውን አለፈ፤ እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። ግላስጎው ላይ ከ85 ወንበር ኤስኤንፒ 37፣ ሌበር 36፣ ግሪን 10፣ ኮንሰርቫቲቭ 2 አገኙ፤ ግማሽ የሞላ የለም። ኤድንብራ ላይ ደግሞ ከ63ቱ ኤስኤንፒ 19 ይዞ አንደኛ ሆነ፣ ሌበር 13 ነበረው። ካውንስሉ ተሰብስቦ ድምፅ ሲሰጥ ግን አስተዳደሩን የያዘው ሌበር ነው፤ ሊበራል ዴሞክራትና ኮንሰርቫቲቭ ደግፈውት። ይህ ስብሰባ ከምርጫው በኋላ በ21 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት፤ ቃለ ጉባኤውም እዚያው ውጤቱን ባወረዳችሁበት ድረ ገጽ ላይ ይወጣል።