የጥድ አጥር እንዳይራቆት፦ የግቢ ተክሎች አከራከምና የወቅት እንክብካቤ

አናቱ ለምልሞ ከጉልበት በታች ደረቅ ጭራሮ ብቻ የቀረው የጥድ አጥር በአዲስ አበባ ግቢዎች የተለመደ ነው። ባለቤቱ ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ያጠጣዋል፣ ፍግ ይጨምርለታል፤ ጥዱ ግን አይመለስም። የፈረንጅ ጥድ የሚያቆጠቁጠው አረንጓዴ ከሆነው ክፍሉ ነው። ቅጠሉ ረግፎ ቡናማ እንጨት ብቻ የቀረው ቅርንጫፍ ላይ ከተቆረጠ ዳግም ቅጠል አያወጣም፣ ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ጥድ ሲከረከም መቀሱ ከአረንጓዴው ሽፋን ማለፍ የለበትም።

መቼ ይከረከም?

የመጀመሪያው ከርከም በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ መጀመሪያ ነው፤ ክረምቱ የሚያመጣው እድገት ከተስተካከለ ቅርጽ ይነሳል። ዋናው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይሠራል። ከዚያ ከዘገየ አዲሱ ለጋ ቅጠል ሳይጠነክር የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይደርስበታል፣ ጫፉም ይጠበሳል። በየካቲት ያፈነገጡትን ጫፎች ብቻ ማንሳት ይበቃል። በእያንዳንዱ ዙር ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። ሁለት ዓመት ዝም ብሎ በአንድ ቀን 30 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት የተነሳ ሰው፣ ወደደም ጠላ ቡናማው እንጨት ውስጥ ይገባል።

ዝናብ እየዘነበ ወይም ቅጠሉ ሳይደርቅ አይቁረጡ። እርጥብ ቁስል ለሻጋታ በር ይከፍታል፣ መሰላሉም ያንሸራትታል።

አሠራሩ

1. መሣሪያውን ያዘጋጁ። ረጅም እጀታ ያለው የአጥር መቀስ፣ ለጣት ውፍረት ቅርንጫፍ የእጅ መቀስ፣ ከዚያ ለወፈረው መጋዝ ያስፈልጋል። የመቀሱን ስለት በሞረድ ይሳሉ። የደነዘ መቀስ ጫፉን ጨፍልቆ ይተወዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ አጥሩ ከቀናት በኋላ ቡናማ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው። የተጣበቀውን ሙጫ በነጭ ጋዝ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። የታመመ ተክል ከነኩ ወደሚቀጥለው ከመሄድዎ በፊት ስለቱን በ70 በመቶ አልኮል ያጽዱ።

2. አጥሩን ይፈትሹ። ዕንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት የወፍ ጎጆ ካለ ያንን ክፍል ለሌላ ጊዜ ይተዉት። የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርንጫፎቹ መካከል የሚያልፍ ከሆነ አይንኩት፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያሳውቁ።

3. ሲባጎ ይወጥሩ። በሁለቱ ጫፍ ችካል ተክለው በሚፈልጉት ቁመት ሲባጎ ያስሩ። በዓይን ግምት የተቆረጠ አናት ራቅ ብለው ሲያዩት ማዕበል ይመስላል።

4. ጎኑን ከታች ወደ ላይ ይከርክሙ፣ አናቱን መጨረሻ ላይ። ዋናው ነገር እዚህ ነው፦ የአጥሩ እግር ከአናቱ ይስፋ። 1.5 ሜትር ለሚረዝም አጥር ከታች 80፣ ከላይ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ጥሩ ነው። ግድግዳ መስሎ ቀጥ ያለ፣ ይባስ ብሎም አናቱ የሰፋ አጥር የታችኛውን ቅጠል ከፀሐይ ይጋርዳል። ብርሃን ያጣ ቅጠል ይረግፋል፤ መግቢያው ላይ ያነሳነው ራቁት እግር የሚመጣው ከዚህ ነው።

5. በየ2 ሜትሩ ቆም ብለው ከሩቅ ይዩ። የተቆረጠውን ከአጥሩ ላይ ያራግፉ፤ ተጠላልፎ የቀረ ጭራሮ ብርሃንና ነፋስ ይከለክላል።

በኤሌክትሪክ መቁረጫ የሚሠራ ሰው ገመዱን በትከሻው ላይ ያሳልፍ፣ መነጽርም ያድርግ።

ቁመቱ ከቁጥጥር የወጣ ጥድ በአናቱ በኩል እስከ ሲሶው ሊቀነስ ይችላል። ግንዱን ከሚፈልጉት ቁመት 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ቢቆርጡት የጎን ቅርንጫፎች ጉቶውን ይሸፍኑታል። በጎን በኩል ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም።

መቀሱ በትክክል ሠርቶም ጥዱ በየቦታው እየጠወለገ ከደረቀ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው ይዩ። ግራጫማ ቡናማ ትናንሽ ነፍሳት ተደርድረው ከተገኙ፣ ቅጠሉም ተጣብቆ ጥላሸት ከመሰለ፣ የጥድ ክሽክሽ ነው። ጥቂት ከሆነ የተጠቃውን ክፍል አውጥተው የቀረውን በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ይርጩ፤ ወደ ማታ፣ በሳምንት ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ውስጥ ውስጡን ማዳረስ ያስፈልጋል።

ቡገንቪሊያ ሌላ ባሕርይ አለው። ከእንጨቱም ያቆጠቁጣል፣ የሚያብበውም በአዲሱ ቅርንጫፍ ላይ ነው። አበባው ሲረግፍ ያበበበትን ቅርንጫፍ 2 ወይም 3 አንጓ አስቀርተው ይቁረጡ። ውሃና ፍግ ካበዙለት ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ትንሽ ጥማት ይስማማዋል። ያረጀና የተቆላለፈ ከሆነ በየዓመቱ ከአሮጌዎቹ ግንዶች ሲሶውን ከሥር እያወጡ በሦስት ዓመት ያድሱት።

ቅንጭብ ወይም ቁልቋል ያለበት አጥር ላይ ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው። ነጩ ወተት ዓይን ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ገባ ማለት ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የተቆረጠውን አያቃጥሉ፣ ጭሱም ዓይን ያስቆጣል። መሬት ላይ ከተዉትም ቅንጭብ ሥር ሰዶ ይበቅላል።

ከመስከረሙ ከርከም በኋላ በአጥሩ ሥር ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የበሰለ ኮምፖስት ያልብሱ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገው። ግንዱን ከነካ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። በበጋ ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ አጥር በሳምንት አንድ ጊዜ በሜትር ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ውሃ በጠፋባቸው ሳምንታት መጀመሪያ የሚደርቀው እንዲህ ያደገው ነው።