ለዕለት ተዕለት የመኪና ጥገና የሚሆን ትንሽ ኢምፓክት እንዴት ይመረጣል?

ኢምፓክት (በባትሪ ወይም በአየር እየመታ ብሎንና ዳዶ የሚፈታና የሚያስር መሣሪያ) ሊገዛ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የጉልበት ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መሣሪያውም የተሻለ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ለሚውል መካኒክ ግን ይህ መለኪያ አያዋጣም። ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ጭንቅላቱ ከካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ከሚጫነው ክፍል) ጀርባ አልገባ ካለ ተመልሳችሁ የእጅ መፍቻ ታነሳላችሁ። ከባድ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት ላይ ክንዳችሁ ይዝልና መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ብሎኑ፣ ቀጥሎ ቦታው፣ ከዚያ ቁጥሩ።

የምትፈቱትን ብሎን እወቁ

በሥራ ሳምንታችሁ ውስጥ በብዛት የምትፈቱት ምንድን ነው? ጎማ ከሆነ፣ የቤት መኪና የጎማ ዳዶ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 140 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ጉልበት መለኪያ ነው) ባለው ጉልበት ይታሰራል። የካሊፐር መያዣው ትልልቅ ብሎኖችም ከዚያ ብዙ አይርቁም። የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒን ብሎን ግን ትንሽ ነው፤ 30 አካባቢ ይበቃዋል። የዘይት ማፍሰሻውም እንደዚሁ። የአክስል ዳዶ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው) ላይ ስትደርሱ 200 እና ከዚያ በላይ ይመጣል። የክራንክ ሻፍት ፑሊ (ሞተሩ ፊት ላይ ቀበቶ የሚያዞረው) ብሎን ደግሞ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ከሁሉም ይብሳል። ትክክለኛው ልክ እንደ መኪናው ስለሚለያይ የጥገና መጽሐፉን ማየት ግድ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ቀላል ነገር ነው። የዕለቱ ሥራ አብዛኛው ከ150 ኒውተን ሜትር በታች ነው። ከባዶቹ ጥቂት ናቸው። ለጥቂቶቹ ብሎ ትልቁን መሣሪያ ቀኑን ሙሉ መሸከም ተገቢ አይመስለኝም። ለእነሱ ረጅም የእጅ መፍቻ ወይም ከጎረቤት ጋራዥ የሚዋሱት ትልቅ ኢምፓክት ይበቃል።

ጫፉ ስንት ኢንች ይሁን?

ትንንሾቹ ኢምፓክቶች በብዛት የሚመጡት ባለ 3/8 እና ባለ 1/2 ኢንች ጫፍ (ቡሶላ የሚሰካበት) ሆነው ነው። ቡሶላ የብሎኑን ወይም የዳዶውን ራስ የሚይዘው ክፍል ነው። አንድ መሣሪያ ብቻ የምትገዙና ጎማ በየቀኑ የምትፈቱ ከሆነ 1/2ን ውሰዱ። ለጎማ ሌላ መሣሪያ ካላችሁ፣ ወይም ሥራችሁ በአብዛኛው ሞተር አካባቢ ከሆነ 3/8 ይሻላል፤ ቡሶላውም ቀጭን ስለሆነ ጠባብ ቦታ ይገባል። በ3/8 ላይ ወደ 1/2 የሚያሳድግ መቀየሪያ ሰክቶ መኖር ግን አይመከርም። መቀየሪያው ርዝመት ይጨምራል፣ ጉልበት ይበላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ራሱ ይሰበራል።

ቡሶላውን የሚይዘው ነገርም ይለያያል። ቀለበት ያለው በአንድ ሳብ ይወጣል፤ ፒን ያለው አጥብቆ ይይዛል፣ ለማውጣት ግን ፒኑን መጫን ይጠይቃል። ቡሶላ ቶሎ ቶሎ ለሚቀያይር ሰው የእኔ ምርጫ ቀለበቱ ነው።

ቁጥሩን እንዴት ታነቡታላችሁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የትኛው ነው? የመፍቻው ጉልበት ነው ወይስ የማሰሪያው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብዙ አምራቾች ከሁለቱ ትልቁን፣ ማለትም የታሰረ ዳዶ ለመፍታት የሚችለውን ነው ፊት ለፊት የሚጽፉት። ለምሳሌ የማኪታ ዲቲደብሊው 300 ሲፈታ 580 ኒውተን ሜትር፣ ሲያስር 330 ተብሎ ነው የሚገለጸው። ያው አንድ መሣሪያ ነው። ስለዚህ የአንዱን መሣሪያ የመፍቻ ቁጥር ከሌላው የማሰሪያ ቁጥር ጋር ካወዳደራችሁ ደካማውን ጠንካራ አድርጋችሁ ልትገዙ ትችላላችሁ። ሁልጊዜ የማሰሪያውን ፈልጉና እሱን ከእሱ አወዳድሩ። ደግሞ መለኪያውን ተመልከቱ፦ አንዱ በኒውተን ሜትር ሌላው በፉት ፓውንድ ይጽፋል። አንድ ፉት ፓውንድ 1.36 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። 250 ፉት ፓውንድ የሚል መሣሪያ 340 ኒውተን ሜትር ገደማ አለው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ቁጥሩ የተለካው መሣሪያው በደላው ሁኔታ ነው። ባትሪው ሙሉ፣ ቡሶላው አጭር፣ ብሎኑ ቀጥ ብሎ የቆመ። ለምን ይህ ለውጥ ያመጣል? ኢምፓክት እንደ እጅ መፍቻ ያለማቋረጥ አይጠመዝዝም። ውስጡ ያለው መዶሻ በሞተሩ እየተሽከረከረ ይመጣና የጫፉን ዘንግ በቅጽበት ይመታል። ብሎኑ እምቢ ሲል መዶሻው ስፕሪንጉን ጨቁኖ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ያልፋል፣ ተመልሶ ይመታል። ይህ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። እጃችሁ የማይጠመዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ምቱ አጭር ስለሆነ ግን በመንገዱ ላይ የሚታጠፍ ወይም የሚወላገድ ነገር ሁሉ ይበላዋል። ቀጭን ረጅም ማራዘሚያ ስትሰኩ ብረቱ ራሱ በየምቱ ትንሽ ይጠመዘዝና ብሎኑ ጋ የሚደርሰው ጉልበት ይቀንሳል። የሚታጠፍ መጋጠሚያ ከጨመራችሁበት የባሰ ይሆናል። ማራዘሚያ ግድ ከሆነ አጭሩንና ወፍራሙን ምረጡ፤ ለኢምፓክት ተብሎ የተሠራውን።

እንግዲህ ስንት ይበቃል? የእኔ ግምት፣ በብዛት የምትፈቱት ብሎን ከሚታሰርበት ልክ ሁለት እጥፍ ገደማ የማሰሪያ ጉልበት ያለው መሣሪያ ለዕለቱ ሥራ ያስተማምናል። የዛገ ብሎን ሲታሰር ከወሰደው በላይ ይፈልጋልና ያ ትርፍ ያስፈልጋል። ለቤት መኪና ወደ 300 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ የማሰሪያ ጉልበት ካለ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዳዶው አምስት ሰከንድ ያህል ተመትቶ ካልተነቃነቀ አቁሙ። ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ርጩበትና ጊዜ ስጡት፤ ካልሆነ ወደ ትልቁ መሣሪያ ሂዱ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰከንድ ሞተሩን ያግላል፣ የዳዶውንም ማዕዘን ይበላል። ማዕዘኑ የተበላ ዳዶ ደግሞ የአንድ ደቂቃውን ሥራ የግማሽ ቀን ያደርገዋል።

ቦታውን ለኩ

ኢምፓክት ከመግዛታችሁ በፊት ብረት ማስመሪያ ይዛችሁ መኪና ሥር ግቡ። በብዛት የሚያስቸግራችሁን ብሎን ፈልጉ፤ የካሊፐር መያዣው የኋላ ብሎን ለብዙዎቻችን ጥሩ መነሻ ነው። ከብሎኑ ራስ ቀጥታ ወደ ኋላ እስከሚያግደው ብረት ድረስ ስንት ሚሊ ሜትር አለ? ከዚያ ላይ የቡሶላውን ርዝመት ቀንሱ፤ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ በብሎኑ ራስ ላይ የሚቀመጠውን ብዙ አትቁጠሩት። የቀረው ለመሣሪያው ራስ የሚተርፈው ቦታ ነው። ክፍተቱ 170 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ቡሶላው 40 ቢሆን፣ 130 የሆነ ራስ ገባ ለማለት ያስቸግራል፤ 120 ይገባል። በእነዚህ መሣሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይህችው ናት፤ አሥር ወይም ሃያ ሚሊ ሜትር።

ርዝመቱን ሁሉም ያስባል፣ ውፍረቱን ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ብሎኑ ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ የመሣሪያው ራስ ግማሽ ውፍረት ከብሎኑ መሐል እስከ ግድግዳው ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ቡሶላው ጠመም ብሎ ይቀመጣል፣ ጠመም ያለ ቡሶላ ደግሞ ዳዶ ይበላል።

አንድ ቀላል ዘዴ ልጠቁማችሁ። አምራቹ የሰጠውን ልክ ይዛችሁ የመሣሪያውን ቅርጽ ከካርቶን ቁረጡ፣ እጀታውንና ባትሪውን ጨምራችሁ። ከዚያ ካርቶኑን ይዛችሁ መኪናው ሥር ግቡና በየብሎኑ ላይ ሞክሩት። ራሱ ገብቶ እጀታው ሻሲ የሚነካበት ቦታ ስንት እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

ክብደቱንም ከባትሪው ጋር ነው ማየት ያለባችሁ። ካታሎጉ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው የሚጽፈው። ሱቅ ውስጥ ባትሪውን አስገቡና ከራሳችሁ በላይ ከፍ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ያዙት። ክንዳችሁ ቶሎ ካጉረመረመ፣ ሊፍት ሥር ቆማችሁ ስትሠሩ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ስለ ንዝረቱ ደግሞ ችላ አትበሉ። መመሪያው ላይ ንዝረቱ በሜትር በሰከንድ ስኩዌር ተጽፎ ይገኛል። በአውሮፓ ሕግ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚሰላው የእጅና የክንድ ንዝረት 2.5 ሲደርስ አሠሪው እርምጃ መውሰድ ይጀምራል፣ 5 ደግሞ የመጨረሻው ገደብ ነው። የኢምፓክት ንዝረት ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ የሚያድነው በቀን ውስጥ የሚሠራበት ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። ሁለት መሣሪያ በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ ንዝረቱ ያነሰውን ውሰዱ። ጣት መደንዘዝ አንዴ ከጀመረ ቶሎ የሚለቅ ነገር አይደለም።

ባትሪ ወይስ አየር?

ኮምፕሬሰር ያለው ጋራዥ ውስጥ አጭሩ የአየር ኢምፓክት እስካሁን የሚናቅ አይደለም። ለጉልበቱ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ግን መሣሪያው እየሠራ ሳለ መግቢያው ላይ የአየር ግፊቱ 6.2 ባር አካባቢ መድረስ አለበት። ቱቦው ከቀጠነ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው ጌጅ የሚያሳየው ሌላ፣ መሣሪያው የሚያገኘው ሌላ ነው። ውስጡ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ተጠቀሙ፣ ከታንኩ ውኃ አፍስሱ፣ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጠብታ ዘይት አድርጉበት።

ባትሪ የምትመርጡ ከሆነ በ18 እና በ20 ቮልት አትደናገሩ። ሁለቱም ውስጥ አምስት ሴል በተርታ አለ። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.6 ስለሆነ አምስቱ 18 ይሆናሉ፤ ሙሉ ሲሆኑ ደግሞ 20 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ይደርሳሉ። 12 ቮልት የሚባለው ባለ ሦስት ሴል ነው። ለሞተር አካባቢ ሥራ ደስ ይላል፤ ጎማ በየቀኑ ለሚፈታ ሰው ግን 18ቱን እመርጣለሁ።

የባትሪው ትልቅነት የሥራ ሰዓት ብቻ የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ። ጉልበትም ይጨምራል። በትንሹ ባትሪ ውስጥ ሴሎቹ አንድ ረድፍ ናቸው፣ በትልቁ ውስጥ ሁለት ረድፍ ሆነው ሸክሙን ይካፈላሉ። ኢምፓክቱ ብሎን ሲመታ ብዙ ኩረንቲ በአንዴ ይጠይቃል፤ አንዱ ረድፍ ያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወርድበታል። «ይሄ መሣሪያ ደከመ» የሚባልበት ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ነው። ሁለት ባትሪ ያዙ፦ ትንሹን ለጠባብ ቦታ፣ ትልቁን ለጎማ። ከዚህ በፊት የአንድ አምራች ባትሪና ቻርጀር ካላችሁ እዚያው ብትቆዩ ብዙ ታተርፋላችሁ። የጋለ ባትሪ ደግሞ ሳይበርድ ቻርጅ አታድርጉ።

ብራሽለስ (ያለ ካርቦን ብሩሽ የሚሠራ) ሞተር መሆኑን አረጋግጡ። ሙቀት ይችላል፣ ካርቦን መቀየር የለም፣ ባትሪም ይቆጥባል።

በእጃችሁ ሞክሩት

ማስነሻውን በጣም በዝግታ ጫኑት። ጫፉ እየተጎተተ፣ ዓይናችሁ እያየው መዞር አለበት። ገና ሲነካ በሙሉ ፍጥነት የሚነሳ መሣሪያ የፕላስቲክ ሽፋን ብሎኖች ላይ መቅሰፍት ነው። የፍጥነት ደረጃ ያለው ይመረጣል። ሲፈታ ዳዶው እንደላላ ራሱን የሚያቆም ወይም ፍጥነት የሚቀንስ መሣሪያ ካገኛችሁ አትለፉት። ዳዶ በየአቅጣጫው ተወርውሮ ሞተር ሥር መፈለግ ይቀርላችኋል።

ከመሣሪያው ጋር ቡሶላ ካልገዛችሁ ግዥው አላለቀም። የሚያብረቀርቀው የእጅ ቡሶላ ለኢምፓክት አይሆንም። ጠንካራ ቢመስልም ተሰባሪ ስለሆነ ምቱን ሳይችል ሊሰነጠቅ፣ ስባሪውም ዓይን ሊያገኝ ይችላል። ጥቁሩን፣ ክሮም ሞሊብዲነም የሆነውንና ባለ ስድስት ማዕዘኑን ግዙ። ለአሉሚኒየም ቸርኬ ቀጭን ሆኖ ዙሪያው ፕላስቲክ የለበሰ አለ። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ አብራችሁ ያዙ።

ስታስሩ ደግሞ ዳዶውን ሁልጊዜ በእጅ ጀምሩት፤ ቢያንስ ሦስት ዙር በነፃነት ይግባ። ከዚያ ኢምፓክቱን በዝቅተኛው ደረጃ አድርጋችሁ አስጠጉና ተዉት። ጨራሹ ቶርክ ሬንች (የማሰሪያውን ጉልበት የሚለካ የእጅ መፍቻ) ነው። በኢምፓክት ብቻ የታሰረ ጎማ ያላት መኪና መንገድ ላይ ስትተነፍስ፣ ባለቤቱ በመኪናዋ መፍቻ ላይ ቆሞበት እንኳን ዳዶውን ሊያነቃንቀው ሲያቅተው አይቻለሁ። በመጨረሻ የፈታው የጎማውን ብሎን ሰብሮ ነው። ጋራዡ ውስጥ ቶርክ ሬንች የወሰደው ሁለት ደቂቃ ያን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዋስትናው ባትሪውን ይጨምራል ወይ? የጫፉ ዘንግ ለብቻው ይገኛል ወይ? ውጭውን የሚሸፍን የጎማ ልብስ አለው ወይ? የፍሬን ዘይት የመሣሪያ ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ ልብሱ ቢኖርም ባይኖርም ሲፈስበት ወዲያው ጥረጉት።