ያወጡትን ሳይመልሱ ሲያወጡ ፕሮባቢሊቲ እንዴት ይሰላል?

ከረጢት ውስጥ 5 ቀይና 3 ሰማያዊ ብይ አለ እንበል። ሳታዩ አንድ ታወጣላችሁ፤ እሱን ሳትመልሱ ሌላ ትደግማላችሁ። ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?

ለመጀመሪያው 5/8። ይሄ አያከራክርም። ቀይ ከወጣ የቀሩት 7 ናቸው፤ ቀዮቹ ደግሞ 4። ስለዚህ ለሁለተኛው 4/7። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ታህቱን ይቀንስና ላዕሉን ይረሳዋል። መጀመሪያ የወጣው ሰማያዊ ከሆነ ነው ላዕሉ 5 ሆኖ የሚቆየው።

ከዚያ ማባዛት ነው፦ 5/8 × 4/7 = 20/56። ወደ 5/14 ለማቃለል አትቸኩሉ። 56ን ይዛችሁ ቆዩ፤ በኋላ መደመር አለ።

አሁን የዛፍ ሥዕል ሥሩ፤ ብይ ባወጣችሁ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ቅርንጫፍ ይሳላል። ቀመር ከመሸምደድ እሱ ይሻላል፤ ቀመር ይረሳል። መጨረሻ ላይ አራት ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ከ56 ናቸው፦ ቀይ-ቀይ 20፣ ቀይ-ሰማያዊ 15፣ ሰማያዊ-ቀይ 15፣ ሰማያዊ-ሰማያዊ 6። ድምሩ 56 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ሰው የሚወዛገበው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ብይ ሳታዩ ኪሳችሁ ከተታችሁት። ሁለተኛው ቀይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ሁለተኛው ቀይ የሆነባቸውን ቅርንጫፎች ደምሩ፦ 20 + 15 = 35። 35/56 ማለት 5/8 ነው፤ ልክ እንደ መጀመሪያው! «አንድ ብይ ጎድሏል እኮ» ትሉ ይሆናል። ጎድሏል፤ ግን ቀለሙን አላወቃችሁም። ላላያችሁት ብይ ኪስ ውስጥ መሆንና ከረጢት ውስጥ መሆን ለስሌቱ አንድ ነው።

እንገልብጠው። ሁለተኛውን አያችሁት፤ ቀይ ነው። ኪስ ውስጥ ያለውስ? «እሱማ ቀድሞ ወጥቷል፣ 5/8 ነው» ማለት ይቀናል። ግን ሁለተኛው ቀይ መሆኑን ስላወቃችሁ የቀሯችሁ 35ቱ ብቻ ናቸው። ከነዚህ የመጀመሪያውም ቀይ የሆነበት 20 ነው። 20/35፣ ማለትም 4/7። በኋላ የመጣ መረጃ ስለቀደመው ብይ ያለንን ግምት ይቀይራል። ኮንዲሽናል ፕሮባቢሊቲ (አንድ ነገር መታወቁን ይዞ የሚሰላ ዕድል) የሚጠይቀው «ምን አውቃለሁ?» ብሎ ነው፤ የቱ ቀድሞ እንደወጣ ግድ የለውም።

ፈተና ላይ ደግሞ ይቺን ቃል ልብ በሉ፦ «ቢያንስ»። «ቢያንስ አንዱ ቀይ ነው» ከተባላችሁ የቀረው 35 ሳይሆን 50 ነው፤ ሰማያዊ-ሰማያዊ ብቻ ነው የሚሰረዘው። ሁለቱም ቀይ የመሆናቸው ዕድል 20/50፣ ማለትም 2/5 ይሆናል። ከ4/7 በጣም ያንሳል።

ሦስተኛ ብይ ካወጣችሁና ሦስቱም ቀይ የመሆናቸውን ዕድል ከፈለጋችሁ 20/56ን በ3/6 አባዙት። ከረጢቱ ውስጥ 8,000 ብይ ኖሮ 5,000ው ቀይ ቢሆን ግን አትድከሙ። የ4,999/7,999 እና የ5/8 ልዩነት 0.00005 ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለጥቂት ብዮች እንደተመለሱ ቆጥሮ ማስላት ይበቃል።